ጣና ዳር በሃሞክ ለማደር ምን ልግዛ? በርዶኝ ያገኘሁት መልስ

ከሌሊቱ 9 ሰዓት ነው። ዘጌ፣ የጓደኛዬ አባት የቡና ማሳ ጥግ ላይ፣ ሃሞክ በሚሉት ዛፍና ዛፍ መሀል የሚታሰር መኝታ ውስጥ፣ በሁለት ዋንዛ መሀል ተንጠልጥያለሁ። ጥርሴ ይንገጫገጫል። ውጭ አገር ያለው የአክስቴ ልጅ የላከልኝን ስሊፒንግ ባግ (የመኝታ ከረጢት) ለብሻለሁ፣ ጃኬቴን አላወለቅሁም፣ ኮፍያም አድርጌያለሁ። ደረቴ ሞቆታል። ጀርባዬና መቀመጫዬ ግን ራቁታቸውን ሲሚንቶ ላይ የተኙ ነው የሚመስለው። 10 ሰዓት ላይ እጅ ሰጠሁ። ወርጄ ቤት ገባሁና መደብ ላይ ተኛሁ።

ጠዋት ቡና ላይ የጓደኛዬ አባት «አንተ ልጅ፣ ቤት ሙሉ መኝታ እያለ አንቀልባ ውስጥ ገብተህ ታድራለህ? እናትህ ሳትጠግበው ነው እንዴ ያወረደችህ?» አሉኝ። ምን ልበላቸው። «አይ አባባ፣ ልሞክረው ብዬ ነው» አልኩና ሲኒዬን አነሳሁ።

ታኅሣሥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ጣና ዳር እዚህም እዚያም ደጋግሜ አድሬያለሁ፣ ብዙ ዕቃም ቀያይሬያለሁ። ስለዚህ ይህ ጽሑፍ የአንድ ዕቃ ግምገማ አይደለም፣ ለአንድ ሌሊት የሚያስፈልገው ዕቃ ሁሉ ግምገማ ነው። ዋጋ አልጽፍም። ይህን እስክታነቡ ተቀይሮ ይጠብቃችኋል።

ባሕር ዳር ደግሞ ይበርዳል እንዴ የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ከተማዋን በቀን፣ ዘንባባ ሥር ተቀምጣችሁ ካወቃችኋት እውነታችሁን ነው። ግን ጣና ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። ታኅሣሥና ጥር ላይ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ቀን የገባው ሙቀት ሌሊት ሽው ብሎ ይወጣል። ወደ 10 ዲግሪ፣ አንዳንዴም ከዚያ በታች ይወርዳል። ቤት ውስጥ ያደረ ሰው አይሰማውም። ዛፍ ላይ የተንጠለጠለ ሰው ግን እያንዳንዷን ዲግሪ ይቆጥራታል።

ያን ሌሊት ያልገባኝ ነገር ይህ ነው። ስሊፒንግ ባግ የሚያሞቀው ጨርቁ አይደለም። ውስጡ ያለው ቃጫ ወይም ላባ አየር ይይዛል፣ የሚያሞቃችሁ ያ የተያዘ አየር ነው። ስትተኙበት ደግሞ ከሥራችሁ ያለው ተጨፍልቆ አየሩ ይወጣል፣ የሚቀራችሁ ስስ ጨርቅ ብቻ ነው። መሬት ላይ ብትተኙ ቢያንስ ከሥራችሁ ነፋስ አይመላለስም። ሃሞክ ላይ ግን ጀርባችሁ ሥር ነፋሱ እንደ ልቡ ይመላለሳል። ከላይ አምስት ጋቢ ብትደርቡ ይህን አታስተካክሉትም። ብርዱ የሚመጣው ከሥር ነው። ገንዘባችሁንም ሐሳባችሁንም መጀመሪያ ለሥሩ አውሉ፣ የላዩ በቀላሉ ይገኛል።

ወደዚያ ከመሄዴ በፊት ስለ ሃሞኩ ራሱ። ሦስት ሞክሬያለሁ። የመጀመሪያው የገመድ መረብ ነው፣ ሪዞርቶች ግቢ ውስጥ ለፎቶ የሚሰቅሉት ዓይነት። ከሰዓት በኋላ ማኪያቶ ይዞ ለመወዛወዝ ደስ ይላል። ለሌሊት ግን እርሱት፣ ቋጠሮው ጀርባችሁ ላይ ማኅተም ይተዋል፣ ነፋሱም በየቀዳዳው ይገባል። ሁለተኛው ከአንድ ሱቅ የገዛሁት አጭር ናይለን ነው፣ 2 ሜትር ከ60 ገደማ። ሁለት ችግር ነበረበት። አጭር ስለሆነ እንደ ደጋን ያጎብጣል፣ ጠዋት ስትነሱ ወገባችሁ ቀና ለማለት ፈቃድ ይጠይቃል። ሌላው ችግር በሦስተኛው ሌሊት ጫፉ ላይ ያለው ስፌት ተተርትሮ መሬት መውደቄ ነው። የሱቁን ስም አልጠራም። ባለቤቱ ግን ስመልስለት ከላይ እስከ ታች አይቶኝ «አንተ ወፍረህ ነው» አለኝ። 64 ኪሎ ነኝ።

ሦስተኛው እስካሁን የምተኛበት ነው፣ ልብስ ሰፊ ነው የሠራልኝ። የፓራሹት ጨርቅ ገዛሁ፣ 3 ሜትር ከ30 ርዝመት፣ 1 ሜትር ተኩል ስፋት። ዳርና ዳሩን አጥፎ ደርዞ፣ ሁለቱን ጫፎች ደግሞ ገመድ እንዲያሳልፉ እንደ መጋረጃ አጥፎ በወፍራም ክር ሦስት ጊዜ ሰፋልኝ። «ለምንድን ነው?» አለኝ፣ ነገርኩት፣ ሳቀ፣ ግን አሳምሮ ሰፋው። እንዲህ ስታሠሩ አንድ ነገር አደራ፦ መጀመሪያ ሥሩ ፍራሽ ዘርግታችሁ ፈትኑት፣ ሁልጊዜም ከወንበር ከፍታ በላይ አትስቀሉት። መውደቅ ካልቀረ ከአጭር መውደቅ ይሻላል።

ረጅም መሆኑ ለምን እንደሚጠቅም ልንገራችሁ። ሃሞክ ላይ የሚተኛው ልክ በመሀሉ ቀጥ ብሎ አይደለም። በሰያፍ ነው፣ ራስ ወደ አንዱ ጎን፣ እግር ወደ ሌላው። ያኔ ጨርቁ ዘርጋ ብሎ ጀርባችሁ ጠፍጣፋ ማለት ይቻላል። ይህን ሳላውቅ ስንት ሌሊት ተጣጥፌ አደርኩ! አጭር ሃሞክ ላይ በሰያፍ ልተኛ ብትሉ ቦታው አይበቃም።

አሰቃቀሉ ላይ ሁሉም ጀማሪ አንድ ስሕተት ይሠራል፣ እኔም ሠርቻለሁ። ይወጥረዋል። ሃሞክ ሲሰቀል የታንኳ ሆድ መምሰል አለበት እንጂ የልብስ ማስጫ ገመድ አይደለም። ማሰሪያው ከአግድም መስመር ወደ 30 ዲግሪ ያህል ቁልቁል ይውረድ። ነገሩ የምቾት ብቻ አይደለም። 70 ኪሎ የሚመዝን ሰው 30 ዲግሪ ላይ ሲተኛ እያንዳንዱ ማሰሪያ ላይ የሚያርፈው 70 ኪሎ ያህል ነው። ወጥራችሁ 10 ዲግሪ ላይ ካደረሳችሁት ወደ 200 ኪሎ ይጠጋል። የኔ ስፌት የተተረተረው በዚህ ምክንያት ጭምር ሳይሆን አይቀርም፣ ለባለሱቁ ግን ይህን አልነግረውም። ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው የማይለጠጥ ገመድ ከላይ ብታስሩለት ደግሞ የትም ስትሰቅሉት የሆዱ ጥልቀት አይቀያየርም። የገመዱ ርዝመት የሃሞኩን 83 በመቶ ያህል ይሁን፣ ለኔ 2 ሜትር ከ75 ገደማ መጣ። አጎበሩም፣ ባትሪውም፣ ካልሲውም እዚያ ገመድ ላይ ይንጠለጠላል።

ዛፉን የሚያቅፈው ገመድ መሆን የለበትም። ቀጭን ገመድ ልጡን ይበላዋል። ቢያንስ ሁለት ጣት ተኩል ስፋት ያለው ጠፍጣፋ ማሰሪያ ፈልጉ። የጭነት መኪና ዕቃ የሚታሰርበት ቀበቶ ገበያ ውስጥ ሞልቷል፣ የብረት ማጥበቂያውን አውልቃችሁ ጨርቁን ብቻ ውሰዱ። ዘጌ ላይ ይህ ቀልድ አይደለም። እዚያ ሰው ዛፉን እንደ ቤተሰብ ነው የሚያየው፣ መቁረጥ ድሮም ነውር ነው፣ ጫካው እስከ ዛሬ የቆመውም ለዚህ ነው። የዋንዛ ልጥ ልጣችሁ ብትገኙ በሚቀጥለው ጊዜ የሚያስገባችሁ የለም።

አሁን ወደ ዋናው፣ ወደ ሥሩ።

መጀመሪያ የሞከርኩት ጋቢ ነው። ጋቢ ሲባል ለሁሉም ነገር መድኃኒት ይመስለናል፣ እኔም እንደዚያው አስቤ አጥፌ ጀርባዬ ሥር አነጠፍኩት። ተጨፈለቀ። ከዚያ ከሃሞኩ ውጭ፣ ከሥር አንጠለጠልኩት። ትንሽ ተሻለ፣ ግን ድርና ማጉ መሀል ነፋሱ እንደ ወንፊት ያልፋል፣ ደግሞም ጥጥ ነው። ጥጥ እርጥበት ይጠጣል። ሐይቅ ዳር ደግሞ ሌሊቱ ሲጋመስ ጤዛ አለ። ወደ 9 ሰዓት ሲሆን ጋቢው ከብዶና ቀዝቅዞ እርጥብ ፎጣ ሆኖ አገኘሁት። ጋቢ ከሥር፦ አይሆንም።

ቀጥሎ የስፖንጅ ፍራሽ። በባጃጅ ጭኜ ስሄድ የሰፈር ሰው የተፋታሁ መስሎት «ምን ሆነህ ነው?» ሲለኝ ነበር። ይሞቃል፣ አልዋሽም፣ ግን ሃሞክ ውስጥ ይታጠፋል፣ ይንሸራተታል፣ ጤዛ ከነካው ቀኑን ሙሉ አይደርቅም። አንድ ሌሊት ብቻ።

የስፖርት ምንጣፍ፣ ያ ተጠቅልሎ የሚያዘው ጠንካራ ስፖንጅ፣ ከሁሉም ርካሹና ቀላሉ መፍትሔ ነው። ውኃ አይጠጣም፣ ብትተኙበትም ብዙ አይጨፈለቅም። ችግሩ ስፋቱ ነው። 60 ሳንቲ ሜትር ገደማ ብቻ ስለሆነ ሃሞኩ ሲያቅፋችሁ ትከሻችሁ ከምንጣፉ ወጥቶ ጨርቁን ይነካል፣ እዚያ ጋ ይበርዳችኋል። ሌላ ምንጣፍ ገዝቼ ለሁለት ቆርጬ ትከሻና ዳሌ አካባቢ በአግድም ጨመርኩበት። ሠራ። ላብ ይይዛል፣ ትንሽም ይጮኻል፣ ግን ለጀመረ ሰው ከዚህ የተሻለ ምክር የለኝም። ለጥቅምት ሌሊት በቂ ነው።

ከዚያ ባና መጣ። የመንዝ ባና፣ የበግ ጠጉር፣ ያ ወፍራሙ፣ የሚኮሰኩሰው። አጎቴ ቤት ሳጥን ላይ ተጣጥፎ ተቀምጦ ነበር፣ ለምኜ ወሰድኩት። ከሃሞኩ ውጭ ከሥር አንጠለጠልኩት። ሁለት እጥፍ አድርጌ በረጅሙ፣ አራቱን ማዕዘን ሞተር ሳይክል ላይ ዕቃ በሚታሰርበት ላስቲክ ይዤ ከሃሞኩ ጫፎች ጋር አገናኘሁት። ላስቲኩ ዋናው ነገር ነው፣ ስትገቡ አብሮ ዝቅ ይላል፣ ስትገላበጡም ይከተላችኋል። ባናው ጀርባችሁን ነካ ማድረግ አለበት፣ መጨፍለቅ የለበትም። ከላላ መሀል ላይ ቀዝቃዛ አየር ይገባል፣ ከጠበቀ ደግሞ አየሩ ይወጣና ወደ ጋቢው ታሪክ ትመለሳላችሁ። እጃችሁን በባናውና በሃሞኩ መሀል አስገብታችሁ ፈትኑት፣ መዳፍ በቀላሉ ገብቶ ሁለቱንም ወገን ከነካ ልክ ነው። ሁለቱን ጫፎች በገመድ ሰብስባችሁ ዝጉ፣ አለበለዚያ ነፋሱ በእግር በኩል ገብቶ በራስ በኩል ይወጣል። እኔ ከባናው ውጭ ደግሞ ከልብስ ሰፊው የተረፈውን ፓራሹት እንደ ነፋስ መከላከያ አንድ ደርብ ጨመርኩ። ፕላስቲክ አታድርጉ፣ ከሰውነታችሁ የሚወጣው እንፋሎት መውጫ አጥቶ ያረጥባችኋል።

ያን ሌሊት፣ ጥር ላይ ነበር፣ እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት ተኛሁ። የቀሰቀሰኝ ብርድ ሳይሆን የቤተ ክርስቲያን ደወል ነው። ሱፍ ትንሽ ቢርስም ሙቀቱን ጨርሶ አይጥልም፣ ከጥጥ የሚለየው እዚህ ላይ ነው። እርግጥ ሲርስ በግ በግ ይሸታል። ይከብዳልም፣ ለእግር ጉዞ የሚሆን አይደለም፣ ባጃጅና ጀልባ ለሚደርስበት ቦታ ነው። ባና ካላገኛችሁ ወፍራም የሱፍ ብርድ ልብስ ይሁን፣ በደንብ ዳብሱት፣ «ሱፍ» ተብሎ የሚሸጠው ሁሉ ሱፍ አይደለም።

እውነቱን ልናገር ካልኩ ግን ለዚሁ ተብሎ ፋብሪካ የሠራው፣ ከሥር የሚንጠለጠለው ልዩ ብርድ ልብስ ከባናዬ ይበልጣል። አስጎብኚ የሆነ ጓደኛዬ አንድ ቱሪስት ትቶለት የሄደ አለው፣ አንድ ሌሊት አዋሰኝ። ክብደቱ ኪሎ አይሞላም፣ ቅርጹ ከጀርባ ጋር ይሄዳል፣ ምንም ማስተካከል አያስፈልግም። ውጭ ዘመድ ካላችሁና «ምን ልላክልህ?» ካለ፣ ስሊፒንግ ባግ ከማለት በፊት ይህን በሉት። የላባ ሳይሆን የሰው ሠራሽ ቃጫ ይሁን፣ ላባ እርጥበት ሲነካው ይሟሽሻል፣ ሐይቅ ዳር ደግሞ እርጥበት አይጠፋም።

ከላይ ያለው ቀላል ነው። የጋቢን ያጠፋሁትን ስም እዚህ ላይ ልመልስለት፦ ከላይ ሲሆን የሚያህለው የለም። ይመቻል፣ ይታቀፋል፣ ሲገላበጡ አይንሸራተትም፣ ፊትም ይሸፍናል። ለመስከረምና ለጥቅምት አንድ ጋቢ፣ ለታኅሣሥ ጋቢና ስሊፒንግ ባግ። ስሊፒንግ ባጉን ዚፑን ከፍታችሁ እንደ ብርድ ልብስ ልበሱት፣ ሃሞክ ውስጥ ሆኖ እንደ ትል ገብቶ ዚፕ መዝጋት ትግል ነው። ስትገዙ ላዩ ላይ በትልቁ የተጻፈውን ቁጥር አትመኑ። ደህና የሚባሉት ሦስት ቁጥር ይጽፋሉ፦ ኮምፈርት፣ ሊሚት፣ ኤክስትሪም። ኮምፈርት ማለት ተመችቶህ የምትተኛበት ነው። ኤክስትሪም ማለት በሕይወት ታድራለህ ማለት ነው እንጂ ትተኛለህ ማለት አይደለም። የኔ ላይ በትልቁ የተጻፈው ኤክስትሪሙ ነበር፣ የአክስቴ ልጅም ያየው እሱን ነው። አልፈርድበትም።

የሱፍ ካልሲ አትርሱ። ሙቅ ውኃ ይዤ ልተኛ የምትሉ ደግሞ ሃይላንድ ጠርሙስ ውስጥ አትቅዱ፣ ተኮማትሮ ያፈሳል። የብረት ኮዳ፣ ካልሲ ውስጥ ከታችሁ፣ ጭናችሁ መሀል።

አጎበር። ይህን የማይይዝ ሰው ጋር ጣና ዳር አላድርም። ከመስከረም እስከ ኅዳር ወባ የሚበረታበት ጊዜ ነው፣ ወባ የምታስተላልፈው ትንኝ ደግሞ የምትወጣው እናንተ በምትተኙበት ሰዓት ነው። አራት ማዕዘኑ የቤት አጎበር ያገለግላል፣ ያን የላይኛውን ገመድ ላይ አንጠልጥላችሁ ጫፉን ከሥር ሰብስባችሁ እሰሩት። አንድ ያልጠበቅሁት ነገር ነበር፦ ትንኝ በስስ ናይለን ውስጥ ከሥር ትነክሳለች። አጎበር አድርጌ መቀመጫዬ ላይ ብቻ ተበልቼ ተነሳሁ። ባናው ከመጣ ወዲህ እሱም ቀረ።

ከሃሞኩ በላይ የሚወጠረው ሸራ ላይ ብዙ አልቆይም። በጋ ነው ብላችሁ ግን አትተዉት፣ ጤዛውን የሚይዝላችሁ እሱ ነው። ሰማያዊው የገበያ ሸራ ይበቃል። ማሰሪያው ላይ፣ ከሸራው ሥር፣ ቁራጭ ክር አንጠልጥሉ፣ በቀበቶው እየተንሸራተተ የሚመጣው ውኃ በክሩ ይወርዳል እንጂ ሃሞኩ ውስጥ አይገባም። ክሯ አምስት ሳንቲም አታወጣም፣ ያለሷ ግን አንድ ሌሊት ዝናብ እግሬን አጥቦኛል። ነፋሱን በተመለከተ ደግሞ ከሰዓት በኋላ ከሐይቁ የሚመጣውን አይታችሁ ሸራውን ወደ ውኃው እንዳታዞሩት። ሌሊት የብሱ ከውኃው ቀድሞ ስለሚቀዘቅዝ ነፋሱ ይገለበጣል፣ ከየብስ ወደ ሐይቅ ይነፍሳል። እኔ ሐይቁን በጀግንነት ተከላክዬ ጀርባዬን ለሌባ ሰጠሁ።

ዛፍ ስትመርጡ ማንጎና ዋንዛ ምርጥ ናቸው። ዋርካ ማሰሪያ አይበቃውም። ቀጭን ባሕር ዛፍ ይታጠፋል፣ ፓፓያ ላይ ደግሞ በፍጹም። መሀላቸው አራት ሜትር ተኩል ገደማ ይሁን፣ ቀና ብላችሁም የደረቀ ቅርንጫፍ አለመኖሩን እዩ። ውኃው ጫፍ ላይ አትስቀሉ፣ በተለይ ዓባይ ከሐይቁ በሚወጣበት በኩል። ጉማሬ ሌሊት ሣር ሊግጥ ይወጣል፣ የሚሄድበትም የለመደው መንገድ አለው። ዳሩ ላይ የተረገጠና የተላገ መተላለፊያ ካያችሁ ያ የከብት ነው ብላችሁ አትከራከሩ። ከሁሉም በላይ ደግሞ አካባቢውን የሚያውቅ ባለቤት ሳታስፈቅዱ የትም አትደሩ፣ ጊዜውን ታውቁታላችሁ። ምግብ ሃሞክ ውስጥ አታስገቡ፣ ዘጌ ላይ ጦጣ ጠዋት ዳቦዬን ከራስጌዬ ወስዳ ዛፉ ላይ ሆና እያየችኝ በልታለች።

የመጨረሻው ስለ ባናው አያያዝ ነው። ከተመለሳችሁ በኋላ ሁለት ቀን ፀሐይ ላይ አስጡት፣ አራግፉት፣ ከዚያ እጠፉት። እኔ ፋሲካ ሰሞን ተጣድፌ እርጥቡን ጠቅልዬ ቁም ሳጥን ላይ ጣልኩት። ከክረምት በኋላ ስዘረጋው ብል በልቶታል። ለአጎቴ እስካሁን አልነገርኩም። ሰቅዬ ስተኛበት ደግሞ የተበላው ቦታ የት ላይ እንደሚያርፍ አወቅሁ፦ ልክ መቀመጫዬ ላይ።